በሚካኤል ቀን ማን ላገ?

አያ ሙጬ ማረፋቸውን የሰማሁት በቴሌግራም ነው፤ አላመንኩም። የድሮ ተማሪዎች ግሩፓችን ላይ አንድ ልጅ በጠዋት «አያ ሙጬ አረፉ፤ ነፍስ ይማር» ብሎ ለቀቀ። ከሥሩ የሚያለቅሱ ፊቶች ተደረደሩ። እኔ ስልኬን እንደያዝኩ ከምሠራበት የእንጨት ሥራ ቤት ደጃፍ ቆምኩና «ማን ነገረህ? መቼ ነው ያረፉት? የት ይቀበራሉ? አንተ አይተሃል?» ብዬ ጻፍኩለት።

«ምነው አንቺ ደግሞ! ሞትም ይጣራል እንዴ?» አለኝ።

ይጣራል። ይህን ያስተማሩኝ ራሳቸው አያ ሙጬ ናቸው። ያ መልእክት ቀን የለው፣ ምንጭ የለው፣ አየሁ የሚል ሰው የለው። በእሳቸው መስኮት ቀርቦ ቢሆን ሳይጨርሱት መልሰው ይገፉት ነበር።

አያ ሙጬ ጎንደር በተማርኩበት የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የትብብር ስልጠና መዝገብ ያዥ ነበሩ። የትብብር ስልጠና የምንለው ተማሪው ከክፍል ወጥቶ እውነተኛ የሥራ ቦታ የሚገባበትን ጊዜ ነው፤ እንደየሙያው ጋራዥ፣ ሆቴል ወይም እንደ እኔ የእንጨት ሥራ ቤት። በየቀኑ የሠራነውን በልምምድ ደብተር እንጽፋለን፤ ባለሥራው ይፈርምልናል። ከዚያ ደብተሩ በአያ ሙጬ መስኮት ያልፋል፣ ወይም አያልፍም። ካላለፈ የብቃት ምዘና መቀመጥ የለም። የእኔ አባት ደግሞ «ሴት ልጅና መጋዝ!» ብሎ ብሎ በመጨረሻ የፈቀደልኝ በአንድ ቃል ነበር፤ «በጊዜው ካልጨረስሽ ወደ ቤትሽ።» ስለዚህ ያቺ መስኮት ለእኔ ከምዘናው ራሱ ትከብድ ነበር።

ተማሪው «ስካነር» ይላቸው ነበር። ኮሌጁ የወረቀት ስካነር ሲገዛ «አንድ አለን አይደል፣ ሁለተኛ ለምን አስፈለገ?» ተብሎ ተስቋል። አያ ሙጬ ደብተር ሲቀበሉ መጀመሪያ አያነቡም፤ ያሸታሉ። የጋራዥ ደብተር ዘይት ዘይት ካልሸተተ ፊታቸው ይጠቁራል። ቀጥለው ቀለሙን ያያሉ። ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው በአንድ እስክሪብቶ ከተጻፈ፣ «ይሄን ሁሉ ቀን እስክሪብቶ ያልጠፋበት ተማሪ ጎንደር ውስጥ አልተወለደም» ይሉና ይዘጉታል። በመጨረሻ «እስኪ እጅሽን» ይላሉ። እጃችንን በብረቱ ፍርግርግ እናሾልካለን፤ መዳፋችንን ገልብጠው እንደ ሁለተኛ ደብተር ያነቡታል።

አንድ የሆቴል ተማሪ ገጽ ሙሉ «ሽንኩርት ከተፍኩ» ብሎ መጣ።

«የሽንኩርቱን ጆንያ ማን ነው የሚያመጣላችሁ?» አሉት።

ልጁ ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

«ሂድ። ጆንያው በየት በኩል እንደሚገባ ስታውቅ ተመለስ።»

የእኔም የመጀመሪያ ዓመት ደብተር እንዲሁ ተመልሷል። አሥር ቀን፣ አሥር ጊዜ፣ «ዛሬ እንጨት ላግኩ» ብዬ ነበር።

«የምን እንጨት?»

«ባሕር ዛፍ።»

«እርጥብ ነው ደረቅ?»

«እርጥብ።»

«እርጥብ እንጨት ሲላግ ምን ያደርጋል?»

«ፍቅፋቂው መላጊያው አፍ ላይ ይጠቀጠቃል፤ በመሮ ጫፍ እየጎረጎርኩ ነው የማወጣው። እጅ ላይ ደግሞ ይጣበቃል፣ ሽታው በሳሙና አይለቅም።»

«ታዲያ ይሄን ምነው አልጻፍሽውም? አሁን የነገርሽኝን አምኛለሁ። የጻፍሽውን ግን አላምንም።»

እያለቀስኩ አሥሩንም ቀን እንደገና ጻፍኩ። ያኔ ቅጣት ነበር የመሰለኝ። ዛሬ ይህን ስጽፍ እጄ የሚሮጠው፣ ከዚያ «የምን እንጨት?» ከሚል ጥያቄ ተነስቶ መሆኑን አውቄያለሁ፤ ደስ የሚለኝም እሱ ነው።

በሁለተኛው ዓመት ደብተሩ ቀረ። ሁሉም ነገር በኦንላይን ይሆናል ተባለ። ሲስተሙን የሠራው መምህር ናሆም፣ ወጣት የኮምፒዩተር አስተማሪያችን፣ አዳራሽ ሰብስቦ አሳየን። ተማሪው በስልኩ በየቀኑ የሠራውን ይጽፋል፣ ፎቶ ያያይዛል። ባለሥራው ስልክ ላይ ቁጥር ይላካል፤ ያ ቁጥር ሲሞላ እንደ ፊርማ ይቆጠራል። አረጋጋጩ ደግሞ ቢሮው ሆኖ አይቶ ያጸድቃል። አረጋጋጩ እስከ ዓመቱ መጨረሻ አያ ሙጬ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ መስኮቱ ይዘጋል።

አያ ሙጬ ከፊት ወንበር ተቀምጠው በእርሳስ ይጽፋሉ። እጃቸውን አወጡ።

«ፎቶው ይሸታል?»

አዳራሹ ሳቀ። ናሆምም ሳቀ። «አይሸትም፣ አያ ሙጬ። ግን ይሰፋል፤ እንደ ልብ ማጉላት ነው።»

«ሸጋ። በዓልስ ያውቃል?»

«ብሔራዊ በዓላት በሙሉ ገብተዋል።»

«ሚካኤልስ?»

አሁንስ ጣሪያው ሊነሳ ደረሰ። ናሆም ሳቁ ሲበርድ «ሲስተሙ የመንግሥት ካላንደር ነው የሚከተለው» አለና ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈ። አያ ሙጬ የሆነ ነገር ጻፉና እርሳሳቸውን ጆሯቸው ላይ ሰኩ። እኔም ከሳቁት አንዷ ነበርኩ።

የተመደብኩት ደምቢያ ውስጥ፣ ኮላ ድባ፣ እህል ገበያው አጠገብ፣ አያ ደምሌ የሚባሉ አናጢ ዘንድ ነው። ስድስት ሳምንት፣ ሠላሳ የሥራ ቀን። አያ ደምሌ በር፣ አልጋና ወንበር ይሠራሉ። ሥራ ላይ ብዙ አያወሩም፤ በሁለተኛው ሳምንት ግን የወንበር እግር አስይዘውኝ፣ እያየሁ ሳይሆን እየዳሰስኩ እንዴት እኩል እንደማደርገው አሳዩኝ። በሠራሁት ወንበር ሁሉ ከመቀመጫው ሥር በእርሳስ «ማ» ብዬ እጽፋለሁ፤ ስሜን፣ ማስተዋል ለማለት። በአምስተኛው ሳምንት «ወረቀትሽን ይዘሽ ከመጣሽ እዚሁ ትሠሪያለሽ» አሉኝ። ለአባቴ ደውዬ ነገርኩት፤ «እስኪ እናያለን» አለ፤ ይህ ከእሱ አፍ ግማሽ እሺታ ነው።

ችግሩ የመጣው በሚካኤል ነው። መጋቢት 12 ጠዋት ስሄድ በሩ ዝግ ነው። አያ ደምሌ ነጠላ ለብሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አገኘኋቸው። «ዛሬ ሚካኤል አይደል፤ ምነው መጣሽ?» አሉኝ። በማርያምም፣ በ21፣ እንዲሁ። በባለ እግዚአብሔርም፣ በ29፣ እንዲሁ። ሦስቱም የዋሉት በሥራ ቀን ነው።

ስድስቱ ሳምንት አልቆ «ላክ» የሚለውን ስነካ ሲስተሙ እምቢ አለኝ። ሦስቱ ቀኖች ቀይ ሆነው «ያልተሟላ» ይላሉ። ባዶ ትቼ ሞከርኩ፤ እምቢ። ሰረዝ ብቻ አድርጌ ሞከርኩ፤ «ቢያንስ አንድ ፎቶ ያያይዙ።» እንፍራንዝ ተመድባ ለነበረች፣ ሀብታም ለምትባል ጓደኛዬ ደወልኩላት።

«ምን ታስቢያለሽ? ሙዪውና ላኪው። ሁላችንም ሞልተነዋል።»

ሞላሁት። «የወንበር እግር ላግኩ፤ እንጨቱ ዋንዛ ነው፤ ጉጥ ስለነበረበት ሁለት ጊዜ አዞርኩት» ብዬ አሳምሬ ጻፍኩ። የሌላ ቀን ፎቶ ለጠፍኩ። አያ ደምሌ ቁጥሩ ሲመጣላቸው ስልካቸውን አቀበሉኝ፤ «እኔ ይሄን አላውቅ፤ አንቺው ንኪው።» ነካሁት። «ተቀብለናል» አለ። ያን ጊዜ የተሰማኝን እፎይታ ሳስበው ዛሬም ያሳፍረኛል።

ለምዘና መመዝገቢያው ዓርብ ይዘጋል። ሰኞ ዕለት ሲስተሙን ብከፍተው ስሜ ፊት ለፊት «በማጣራት ላይ» የሚል አየሁ። አያ ሙጬ መስኮት ሄድኩ። ኮምፒዩተሩ ላይ የእኔን ፎቶ ነጠብጣብ እስኪሆን ድረስ አጉልተውታል።

«በሚካኤል ምን ሠራሽ?» አሉኝ፣ ሰላምታም የለ።

«የወንበር እግር ላግኩ።»

«ደምሌ በሚካኤል መላጊያ ያስነካል?»

«እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሄደው ነበር። እኔ ብቻዬን…»

«ቁልፉን ሰጥቶሽ?»

እጄን ከፍርግርጉ ላይ አነሳሁ።

«ይሄ ጥላ» አሉ ፎቶው ላይ ጣታቸውን አሳርፈው፣ «በአሥረኛው ቀን ፎቶሽ ላይም አለ። ያው ጥላ፣ በዚያው ቦታ። ፀሐይ ለሁለት ቀን አንድ ቦታ ትቆማለች?»

«አያ ሙጬ፣ ሦስት ቀን ብቻ ነው።»

«አውቃለሁ። ሦስቱን ዋሽተሽ ሃያ ሰባቱን ማን ይመሰክርልሻል? እኔ አሁን የማምንሽ የትኛው ላይ ነው?»

ከዚያ እጄን እንኳ አልጠየቁኝም። ያ ነው ያናደደኝ። መዳፌ እንዲያ ጠጥሮ፣ አውራ ጣቴ እንዲያ ተሰንጥቆ፣ ሳያዩት ቀሩ።

ኮሪደር ላይ ሳለቅስ ያገኘኝ መምህር ናሆም ነው። ከልቡ አዘነልኝ፤ እሱን አልወቅሰውም። «ሰውየው መስኮታቸው ሊዘጋ ነው። ሲስተሙ እንዳልሠራ ማሳየት ይፈልጋሉ፤ አንቺን ማሳያ አድርገውሽ ነው» አለኝ። ይህ ነገር ጆሮዬ እንደገባ የቀረው ሁሉ ራሱን በራሱ ገጠመ። አዳራሽ ውስጥ የጠየቁት፣ እርሳሳቸው፣ የእኔን ፎቶ ከሁሉ መርጠው ማጉላታቸው። ለካ ከመጀመሪያው እየጠበቁኝ ነበር! ማክሰኞ ጠዋት ለኮሌጁ ዲን አቤቱታ ጻፍኩ። ቀን አለው፣ ሰዓት አለው፣ የተባባልነው ቃል በቃል አለበት፤ እንዳስተማሩኝ አድርጌ ነው የጻፍኩባቸው። ናሆም አይቶ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረልኝ። በሲስተሙ ላክሁት።

ረቡዕ ከሰዓት አያ ደምሌ ደወሉ።

«አንቺ፣ ትናንት አንድ ሽማግሌ መጥቶ ነበር። የግብር ሰው መስሎኝ ልደበቅ ነበር። ወንበሩን ሁሉ እየገለበጠ ሥሩን ያያል። እያሸተተ ደግሞ! ሰጋቱራውን በእጁ ዘግኖ አሸተተው።»

«ምን ጠየቀዎት?»

«በሚካኤል ትከፍታለህ ወይ አለኝ። ምን በደልኩህና ነው እንዲህ የምትለኝ አልኩት። ሳቀ። ከዚያ ‹ማ› የሚለውን ማን እንደጻፈው ጠየቀኝ። የልጅቷ ነው አልኩት። አሥራ አንድ ብሎ ቆጥሮ ጻፈ። ምነው፣ ጥፋት አለበት?»

አያ ሙጬ የአንድ ቀን ፈቃድ ወስደው፣ በሚኒባስ፣ ማንም ሳይልካቸው ኮላ ድባ ደርሰው ተመልሰዋል። እኔ ደግሞ በዚያው ዕለት ከስሻቸዋለሁ። ወደ ዲኑ ጸሐፊ ሮጥኩ፤ አቤቱታዬን ልመልሰው አልኳት። «የኔ እህት፣ በሲስተም የገባ አይወጣም» አለችኝ። ወረቀት ቢሆን ለምኜም፣ ሰርቄም አወጣው ነበር።

ሐሙስ አያ ሙጬ ወደ መስኮታቸው አስጠሩኝ። ከዲኑ የተላከላቸው አቤቱታዬ ታትሞ ፊታቸው ተዘርግቷል፤ በቀይ እርሳስ ተሞልቷል።

«ይሄን አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«አዎ።»

«ሸጋ ጽሑፍ ነው። ስለዚህ ጠረጠርኩት።» እርሳሳቸውን መሃል ላይ አሳረፉ። «‹ለዘመናዊ አሠራር ያላቸውን ጥላቻ በተማሪ ላይ እየተወጡ› ይላል። ይቺ ያንቺ አይደለችም። አንቺ ያየሽውን ነው የምትጽፊ። እኔ ስጠላ አይተሻል?»

«አላየሁም።»

«ታዲያ ሰርዣት። የቀረው እውነት ነው፤ ይቆይ። ቃሌን አልጨመርሽም፣ አልቀነስሽም።»

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ነጭ ወረቀት በፍርግርጉ አሾለኩልኝ።

«አሁን የሦስቱን ቀን ጻፊ። ምን እንደሆነ፣ ምን እንደሞላሽ፣ ለምን።»

«ካመንኩ ይጥሉኛል፣ አያ ሙጬ።»

«ሊጥሉሽ ይችላሉ። ዋስ አልሆንሽም። እኔ ያየሁትን እጽፋለሁ፤ አሥራ አንድ ወንበር አይቻለሁ። አንቺ ያደረግሽውን ጻፊ።»

ቆሜ፣ መስኮቱ ደፍ ላይ ጻፍኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ቀጥ ያለ ነገር ጽፌ አላውቅም። «መጋቢት 12 ሚካኤል ነበር። የእንጨት ቤቱ ዝግ ነበር። አልሠራሁም። ሲስተሙ ባዶ ቀን አልቀበል ስላለኝ እንደሠራሁ አድርጌ ዋሸሁ።» ብሎ ይጀምራል።

ዓርብ ጠዋት ዲኑ ቢሮ አራት ሆነን ተቀመጥን፤ ዲኑ፣ አያ ሙጬ፣ መምህር ናሆምና እኔ። ዲኑ የእኔን ወረቀት አነበቡና «ይሄማ ማጭበርበር ነው» አሉ። አያ ሙጬ ወደ ናሆም ዞሩ።

«ልጄ፣ ይሄ ያንተ ሲስተም ይቆጥራል አይደል? በ12፣ በ21ና በ29 ከከተማ ውጭ ማን ማን እንደሠራ ቁጠርልኝ።»

ናሆም ላፕቶፑን ከፈተ፣ ነካካ፣ እንደገና ከላይ ጀምሮ ቆጠረ። ጆሮው ሲቀላ አየሁ።

«ሁሉም» አለ።

«ምን ሁሉም?» አሉ ዲኑ።

«የደምቢያው፣ የእንፍራንዙ፣ የደባርቁ… አንድም ሳይቀር በሚካኤል ሠርቷል ይላል።»

«እንግዲህ» አሉ አያ ሙጬ፣ «አገሩ በሙሉ ሃይማኖቱን ለውጧል፣ ወይም ቅጹ ውሸት ያስተምራል። እኔ የመጀመሪያውን አላየሁም።»

ዲኑ ሊቆጡ ነው ሊስቁ ነው ሳይታወቅ መነጽራቸውን አወለቁ። የመለሰው ናሆም ነው። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ጠይቀውኝ ነበር፤ ሳቅሁ» አለ። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ቅጹ ላይ አዲስ መስመር ገባ፤ «ሥራ የለም፤ ምክንያት» የሚል፣ ፎቶ የማይጠይቅ። ተማሪው ሁሉ ተደውሎለት ቀኖቹን አስተካከለ። እኔ ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ፤ ይገባኛል። አሥር ተኩል ላይ ስሜ ፊት ለፊት «ጸድቋል» አለ፤ መመዝገቢያው ሊዘጋ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው። ከፍቼ አየሁት። በመጋቢት 12 ሥር፣ በአንድ ጣት ተለቅመው የተጻፉ ቃላት አሉ፦ «ዝግ ነበር። ሄጄ ጠይቄያለሁ። ሙጬ።»

ክረምት ሲገባ መስኮታቸውን በኮምፔልሳቶ የዘጋነው እኛው የእንጨት ተማሪዎች ነን። ኮሌጁ አዘዘን። አያ ሙጬ ቦርሳቸውን ይዘው ቆመው አዩን። ስንጨርስ ቀረብ ብለው ሚስማሮቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ገፉ።

«ይቺ ላልታለች» አሉ። እንደገና መታኋት። «አሁን ሸጋ» ብለው ወደ አገራቸው ወደ ድብ ባሕር ሄዱ። ምዘናውን ማለፌን ስነግራቸው በስልክ ያሉኝ አንድ ነገር ነው፤ «ውጤቱን በዓይንሽ አይተሻል ወይስ ነገሩሽ?»

ለዚህ ነው በዚያ ጠዋት ለቴሌግራሙ ያላለቀስኩት። አያ ደምሌን አስፈቅጄ ሚኒባስ ተሳፈርኩ፤ ጎንደር ላይ ቀየርኩ፤ ወደ ሰሜን። በመንገዱ ሁሉ ልጁ ተሳስቶ ይሆናል እያልኩ ነበር፤ ሌላ ሙጬ ይሆናል፣ ታመው ይሆናል። መጠርጠር እንዲህ የሚያጽናና ነገር መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ድብ ባሕር ስንደርስ የቤተ ክርስቲያኑ መንገድ በነጭ ነጠላ ተሞልቷል። ከለቀስተኛው መካከል መምህር ናሆም ቆሟል፤ ዓይኑ አብጧል። ምንም ሳልጠይቀው ራሱን ነቀነቀልኝ። እኔ ግን አልፌ ሄድኩ። አፈሩ እስኪመለስ ድረስ ቆሜ አየሁ። ያኔ አለቀስኩ።

ግሩፑ ላይ «ተጣርቷል፤ ነበርኩ» ብዬ ጻፍኩ።

አያ ደምሌ ቤት ማንም ሳያዘኝ የሥራ ደብተር እይዛለሁ። ሁልጊዜም አንድ እስክሪብቶ ሲጠፋብኝ በሌላ እየቀጠልኩ። የዚያ ቀን ገጽ አጭር ነው፤

«ሥራ የለም። ምክንያት፦ አያ ሙጬ ተቀበሩ። ሄጄ አይቻለሁ። ማስተዋል።»